ከሕፃናት ሐኪም ደጅ ሲወጡ

ሕፃን ከተወለደ 48 ሰዓት እስኪሞላው ድረስ ያንን ጥቁርና ሙጫ መሰል የመጀመሪያ ዓይነ ምድሩን ሳያወጣ ቀርቶ፣ ሆዱ ተነፍቶ አረንጓዴ ትውከት ሲያስመልሰው፣ ሐኪሞች ከሚጠረጥሯቸው ደዌያት አንዱ በዴንማርካዊው የሕፃናት ሐኪም በሐራልድ ሂርሽስፕሩንግ ስም የሚጠራው ነው። ይኸው ሊቅ በ1886 እ.ኤ.አ. በበርሊን ጉባኤ ላይ የሁለት ሕፃናትን ታሪክ አቅርቦ ያስረዳው ሕማም ከ5000 ልደት በአንዱ ገደማ ይታያል፤ ወንዶችንም ከሴቶች አራት እጥፍ ያህል ያጠቃል። ፅንሱ ገና በማኅፀን ሳለ አንጀትን የሚያንቀሳቅሱት የነርቭ ሕዋሳት ከላይ ወደ ታች እየተጓዙ እስከ ፊንጢጣ መድረስ ሲገባቸው ከመንገድ ይቀራሉ፤ ያልደረሱበትም ክፍል እንደ ተኮማተረ ስለሚኖር ዓይነ ምድሩ ከበላዩ ይከማቻል። የቀዶ ጥገና ሐኪሙ ኦርቫር ስዌንሰን ነርቭ አልባውን ክፍል ቆርጦ ጤናማውን ወደ ታች ስቦ የማጋጠሙን ጥበብ በ1948 እ.ኤ.አ. ይፋ ካደረገ ወዲህ ግን፣ ቀድሞ በጨቅላነታቸው ይቀሠፉ ከነበሩት ብዙዎቹ ለአካለ መጠን ይበቃሉ።

ወላጅም ነገሩ በቀዶ ጥገናው የተፈጸመ ይመስለዋል። ዳሩ ግን ከታከሙት አንዳንዶቹ በድርቀት ይሠቃያሉ፣ አንዳንዶቹም ሳያስቡት ያመልጣቸዋል፤ ሆድ ተነፍቶ ትኩሳትና የሚከረፋ ተቅማጥ ከመጣ ደግሞ አንጀቱ ተቆጥቷልና ለነገ የማይባል ነው።

እንግዲህ ከዱባይ ወሰን አጠገብ በሻርጃ በኩል በምትገኘው በአል ተዓውን የሚኖር፣ ልጁን በአዲስ አበባ ቀዶ ጥገና አስደርጎ የመጣ አንድ ሐበሻ ቤተሰብ እናስብ። በ2016 እ.ኤ.አ. በዱባይ የተከፈተው አል ጀሊላ፣ በተባበሩት ዓረብ ኤሚሬቶች ለሕፃናት ብቻ የተሠራ የመጀመሪያው ሆስፒታል ነው፤ እንዲህ ባለው ስፍራ ሐኪሙ ይጠይቃል፣ እናት ትመልሳለች፣ ልጁ ጫማውን ያያል። መዝገቡ እናቲቱ ናት። ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ያ ደጅ ይዘጋል፤ የሚቀበለውም የአዋቂዎች ሐኪም ኪንታሮትንና የአንጀት ነቀርሳን በየቀኑ ሲያይ የሚውል፣ ይህን የትውልድ ደዌ ግን እምብዛም የማይገጥመው ሊሆን ይችላል። ዱባይ ናቢድ፣ ሰሜኖቹ ኤሚሬቶች ሪያያቲ የሚሉት የሕክምና መዝገብ አላቸው፤ በአዲስ አበባ የተደረገው ቀዶ ጥገና ግን ማንም ካላስገባው በዚያ ውስጥ አይገኝም። ስለዚህ ቀዶ ጥገናው መቼና በየትኛው ስልት እንደ ተደረገ፣ ምን ያህል አንጀት እንደ ወጣ፣ የናሙናው ምርመራ ምን እንዳሳየ የሚናገር ወረቀት አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ከወረቀቱ ይልቅ የሚከብደው አንደበት ነው። «አንጀቴ ተንሰፈሰፈ» ለማለት የማናፍር ሰዎች፣ አንጀት በእውነት ሲታመም ገበና ነው ብለን እንሸፍነዋለን፤ ልጁም ስለ ትዳርና ስለ መውለድ የሚያስጨንቀውን ጥያቄ እናቱ በተቀመጠችበት አይጠይቅም። በእኔ አስተያየት ከ12 ወይም ከ13 ዓመቱ ጀምሮ እናት «ልጄ፣ አንተው ንገራቸው» ብላ ጥቂት ደቂቃ ከክፍሉ ብትወጣ፣ ከብዙ መድኃኒት የሚበልጥ ውለታ ትውልለታለች።

ጾሙም አለ። ፍልሰታ የሚውለው በባሕረ ሰላጤው ሐሩር መካከል ነው፤ ውኃ የሚመጠው ትልቁ አንጀት ያጠረበት ወጣት ቶሎ ይደርቃልና ሐኪሙንም የንስሐ አባቱንም አስቀድሞ ያማክር፤ ቤተ ክርስቲያን ለሕሙም መፍቀዷ የታወቀ ነው።

የመድንና የፈቃድ ነገርም አለ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ወዲህ በሻርጃና በዓጅማንም የግል ድርጅት ሠራተኛና የቤት ሠራተኛ ያለ ጤና መድን የመኖሪያ ፈቃድ አያገኙም፤ መሠረታዊው መድን በዓመት 320 ድርሃም ነው። ያላገባ ወንድ ልጅ በአባቱ ፈቃድ ሥር መቆየት የሚችለው እስከ 25 ዓመቱ ነው። በ18 ዓመቱ ሐኪም፣ በ25 ዓመቱ ፈቃድና መድን ይለወጡበታል ማለት ነው፤ አዲሱም መድን የትውልድ ሕማምን የሚሸፍን መሆኑን ሳይጠይቅ አይፈርም።

ወላጆች ሆይ፣ በሚመጣው ቀጠሮ ወረቀቱን ልጃችሁ ይያዘው።