ቤቱ ሳይሠራ ስሕተቱን ማየት፤ ለትንሽ የንድፍ ቢሮ የሚስማማ አዲስ ዘዴ

አንድ ቤተ ሰብ ቤት ለመሥራት ሲነሣ ለብዙ ዘመን ያጠራቀመውን ገንዘብ በመጀመሪያ የሚያምነው ለግንበኛ ሳይሆን ለወረቀት ነው። በወረቀቱ ላይ የተሳሳተ ነገር ሁሉ ውሎ አድሮ በድንጋይና በአርማታ ይደገማልና። በወረቀት ላይ ያለ ስሕተት በላጲስ ይጠፋል፤ በአርማታ ውስጥ የገባ ስሕተት ግን በመዶሻና በመሮ ካልሆነ አይወጣም፤ ዋጋውንም የሚከፍለው ብዙ ጊዜ የቤቱ ባለቤት ነው። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለታቸው ለዚህም ይሠራል። በዛሬው ጽሑፋችን፥ ስሕተትን መሠረት ሳይቆፈር ለማየት የሚረዳ አንድ የንድፍ ዘዴ ምን እንደ ሆነ፥ ይልቁንም ሦስት ወይም አራት ሠራተኞች ብቻ ያሉት ትንሽ ቢሮ እንዴት ሊጀምረው እንደሚችል ለአንባቢዎቻችን ለመግለጽ እንወዳለን።

ዘዴው በእንግሊዝኛ ከሚጠራበት ስም የሦስቱ ቃላት የመጀመሪያ ፊደሎች ተወስደው «ቢም» ይባላል፤ ትርጉሙም «የሕንፃን መረጃ በሞዴል ማደራጀት» እንደ ማለት ነው። በግንባታ ቦታ ያሉ ሠራተኞች «ቢም» ሲሉ ግን ከምሰሶ ወደ ምሰሶ የሚጋደመውን አርማታ ማለታቸው ስለ ሆነ፥ አማርኛ በመማር ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን ሁለቱን እንዳያደባልቁ እናሳስባለን።

በተለመደው አሠራር፥ በእጅም ሆነ በኮምፒውተር ቢነደፍ፥ ግድግዳ ማለት ጎን ለጎን የተሰመሩ ሁለት መስመሮች ናቸው። በቢም ግን ግድግዳው ውፍረቱን፥ ከፍታውን፥ ከምን እንደ ተሠራና በውስጡ ስንት በርና መስኮት እንዳሉት አብሮ የያዘ አንድ ነገር ነው።

ለምሳሌ ርዝመቱ 10 ሜትር፥ ከፍታው 3 ሜትር የሆነ የብሎኬት ግድግዳ እንውሰድ። ጠቅላላ ስፋቱ 30 ካሬ ሜትር ነው። 0.90 በ2.10 ሜትር የሆነ በርና 1.50 በ1.20 ሜትር የሆነ መስኮት ሲቀነሱለት፥ የሚገነባው 26.31 ካሬ ሜትር ይሆናል። የቤቱ እመቤት «ክፍሉ ጨለማ ነው» ብለው የመስኮቱ ወርድ 2 ሜትር እንዲሆን ቢጠይቁ፥ ነዳፊው በቀድሞው አሠራር የወለሉን ፕላን፥ የፊቱን ገጽታ፥ የውስጡን ቁራጭ ሥዕል፥ የመስኮቶቹን ሠንጠረዥና የዕቃውን ስሌት፥ በጠቅላላው አምስት ቦታ ማረም አለበት። አንዱን የረሳ እንደ ሆነ ግንበኛው በአንዱ ወረቀት፥ መስኮት ሠሪው በሌላው ይመራሉ፤ ተሠርቶ የመጣውም መስኮት ከተተወለት ክፍት ቦታ ጋር አይገጥምም። በቢም ግን መስኮቱ በአንድ ቦታ ሲሰፋ፥ ከዚያው ሞዴል የወጡት ሥዕሎችና ሠንጠረዦች አብረው ይታረማሉ፤ ግንቡም ወደ 25.71 ካሬ ሜትር መውረዱ በሠንጠረዡ ላይ ይታያል።

እንደዚሁም የመጸዳጃ ቤት የፍሳሽ ቧንቧ አግዳሚውን አርማታ ሰንጥቆ የሚያልፍ ሆኖ ቢነደፍ፥ የሁለቱ ሞዴሎች ሲነጻጸሩ ግጭቱ በመስኮተ ኮምፒውተሩ ላይ ይገለጣል። አርማታው ከፈሰሰ በኋላ ቢታወቅ ግን መሮ ይነሣል፤ ፌሮም የተቆረጠ እንደ ሆነ የሕንፃው ጉልበት ይጎዳል።

ሐሳቡ የትናንት አይደለም። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አሜሪካዊው መምህር ቻርለስ ኢስትማን ሥዕሎች ሁሉ ከአንድ የሕንፃ መግለጫ ሊወጡ እንደሚችሉ በ1975 ዓ.ም. ጽፈዋል። በ1982 ዓ.ም. በሀንጋሪ አገር የተቋቋመው ግራፊሶፍት አርኪካድ የተባለውን ፕሮግራም አወጣ፤ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ ሬቪት የተባለው ወጣ፤ እርሱንም በ2002 ዓ.ም. አውቶዴስክ ገዛው። ከዚያ በኋላ መንግሥታት ዘዴውን መጠየቅ ጀመሩ። ሲንጋፖር በ2015 ዓ.ም. ከ5,000 ካሬ ሜትር በላይ ለሆኑ አዳዲስ ሕንፃዎች ግዴታ አደረገችው፤ የእንግሊዝ መንግሥትም ከሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በማዕከል ለሚያሠራቸው ሕንፃዎች እንዲሁ አደረገ። ስለዚህ ትንሹ ቢሮ በሁለት አደጋዎች መካከል ቆሟል። ዘዴውን ችላ ቢል ትልልቅ ሥራዎች ሊያመልጡት ይችላሉ፤ ያለ ዝግጅት ቢገባበት ደግሞ ያለችውን ጥቂት ገንዘብ ጨርሶ ሊዘጋ ይችላል።

እኛ እንደምናምነው፥ ብዙዎች የሚሰናከሉት ጉዳዩን ፕሮግራም መግዛት ብቻ አድርገው በመቁጠራቸው ነው። አስቀድሞ መለወጥ ያለበት የሥራውና የክፍያው ቅደም ተከተል ነው። አሜሪካዊው አርክቴክት ፓትሪክ ማክሊሚ በስማቸው በሚጠራው የመስመር ሥዕል እንዳስረዱት፥ ለውጥ በጧት ሲደረግ ዋጋው ርካሽ ነው፤ ሥራው በገፋ ቁጥር ግን እየተወደደ ይሄዳል። በቢም የሚሠራ ቢሮ የግድግዳውን ዐይነት፥ የሶሌታውን ውፍረትና የመስኮቱን መጠን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለመወሰን ይገደዳል። ውሉ ግን እንደ ቀድሞው ዋናው ክፍያ የሥራ ሥዕሎቹ ሲያልቁ ይከፈል የሚል ከሆነ፥ ድካሙ ፊት ገንዘቡ ኋላ ይሆንና ቢሮው ለሠራተኞቹ ደመወዝ ያጣል። ስለዚህ የቢሮው ኃላፊ ከሻጩ ጋር ከመነጋገሩ በፊት ከአሠሪው ጋር ተነጋግሮ የመጀመሪያውን ክፍያ ከፍ፥ የኋለኛውን ዝቅ ማድረግ ይገባዋል።

ሁለተኛው ምክር ስለ መጀመሪያው ሥራ ነው። የመስጫው ቀን በተቃረበ ሥራ ላይ ትምህርት መጀመር አይገባም። የሚሻለው ቢሮው ቀደም ሲል ነድፎ ያስገነባውን አንድ ትንሽ ቤት መርጦ በአዲሱ ዘዴ እንደገና መንደፍ ነው። ቤቱ ተሠርቶ ቆሟልና መልሱ የታወቀ ነው። ሞዴሉ የሚያወጣውን የብሎኬትና የአርማታ መጠን በዚያን ጊዜ በእርግጥ ከተገዛው ጋር ማመሳከር ይቻላል፤ ልዩነት ሲገኝም የብክነት ይሁን የንድፍ ጉድለት በጸጥታ ይጠናል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው፥ ከዚህ በኋላ አንድ እውነተኛ መኖሪያ ቤት፥ ከዚያም ከፍ ያለውን ሥራ መቀጠል ይቻላል።

ሦስተኛው፥ የቢሮውን ጎተራ መሙላት ነው። ከፕሮግራሙ ጋር የሚመጡት ግድግዳዎችና በሮች ብዙ ጊዜ የሌላ አገር አሠራር ናቸው። ቢሮው በአካባቢው ገበያ የሚገኘውን ብሎኬት፥ የጣራ ቆርቆሮና የብረት መስኮት አንድ ጊዜ በትክክል አዘጋጅቶ ማስቀመጥ፥ ስሞቹንም በአንድ ሥርዓት መሰየም አለበት። ይህን ጎተራ የሚጠብቅ አንድ ሰው መሾም ያስፈልጋል፤ ሁሉም እንደ ፈቀደው የሚለውጠው ከሆነ ወደ ቀድሞው መደባለቅ ይመለሳል። ደግሞም ልክን ማወቅ ይገባል። የበሩን እጀታና እያንዳንዱን ብሎን ለመሣል ቀናትን ማሳለፍ ለማንም አይጠቅምም፤ ግንበኛውና ዋጋ ተማቹ የሚያስፈልጋቸው እስከዚያ ድረስ መሥራት ይበቃል።

ስለ ወጪውም ጥቂት እንበል። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ዛሬ በየዓመቱ በኪራይ የሚሰጡ ስለ ሆኑ ኪራዩ ቋሚ ወጪ መሆኑ አስቀድሞ ይታሰብ። ፍሪካድን የመሳሰሉ ያለ ክፍያ የሚገኙም አሉና ለመማሪያ ያገለግላሉ። ፕሮግራሞች እርስ በርሳቸው የሚግባቡበት «አይ ኤፍ ሲ» የተባለ የጋራ የፋይል ዐይነት በ2013 ዓ.ም. ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኗል። ቢሮው ሥራውን በዚህም ጭምር ቢያስቀምጥ፥ ወደ ፊት ፕሮግራም ሲለውጥ ወይም ሌላ ፕሮግራም ካለው መሐንዲስ ጋር ሲሠራ መረጃው ይተርፍለታል።

በመጨረሻም ስለ ሰዎቹ እንናገራለን። ለብዙ ዓመታት በእጃቸው ሲነድፉ የኖሩ አዛውንት ነዳፊ፥ ልጆቹ ኮምፒውተሩን ሲያፋጥኑ አይተው ዘመናቸው ያለፈ ሊመስላቸው ይችላል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ኮምፒውተር የተነገረውን እንጂ እውነቱን አያውቅም፤ ደረጃው ለሽማግሌ እግር ይመች እንደ ሆነ፥ የጣራው ውሃ ወዴት እንደሚወርድ፥ ቧንቧው ቢፈነዳ በየት ገብቶ እንደሚጠገን የሚያውቁት እርሳቸው ናቸው። ወጣቱ ሞዴሉን ሲሠራ አዛውንቱ አጠገቡ ተቀምጠው ቢጠይቁት ሁለቱም ይማራሉ። በግንባታው ቦታ ላለውም የግንበኞች አለቃ ጥርት ያለ፥ ልኩ በግልጽ የተጻፈበት ወረቀት መታተሙ አይቀርም፤ እርሱ የሚገነባው ባየው ወረቀት ነውና።

ፕላን ተቀብለው የሚመረምሩ ሹማምንትም፥ ያማረ ባለ ቀለም ሥዕል ሲቀርብላቸው በውበቱ ብቻ ሳይረኩ «የወለሉ ፕላንና የዕቃው ሠንጠረዥ ከአንድ ሞዴል የወጡ ናቸውን? የቧንቧውና የአርማታው ሞዴል ተነጻጽሯልን?» ብለው ቢጠይቁ፥ ትንሹን ቢሮ በትጋት እንዲሠራ ያበረታቱታል፤ ቤት ለመሥራት ቆጥቦ የመጣውንም ቤተ ሰብ ከከንቱ ኪሳራ ያድኑታል።