በልደት ማዕድ ዙሪያ የመጻሕፍት ጨዋታ

የልደት በዓል ሲደርስ ጾመ ነቢያት ይፈጸማል። ሌሊቱን በማኅሌትና በቅዳሴ ያነጋው ምእመን ወደ ቤቱ ሲመለስ ቄጠማው ተጎዝጉዞ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ተቀድቶ ይጠብቀዋል። ጎረቤት ይጠራል፤ ከሩቅ የመጣ ዘመድ ይጠየቃል። ስለ አዝመራው፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆች ትምህርት፣ ስለ ታመመውና ስለ ዳነው ይወጋል። በዚህ ሁሉ ጨዋታ መካከል ግን በብዙ ቤት ሳይነሣ የሚቀር አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም «በዚህ ሰሞን ምን አነበባችሁ?» የሚለው ነው።

ጥያቄው የከተማና የተማረ ሰው ወግ ብቻ መስሎ የሚታያቸው ይኖራሉ። ይሁን እንጂ ያነበቡትን ለሌላው ማካፈል በአገራችን ከማተሚያ መኪና በፊት የነበረ፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እስከ ጓዳ የዘለቀ ልማድ ነው። ለዚህም የሰሜን ተራሮች አካባቢ ጥሩ ምስክር ሊሆነን ይችላል።

በራስ ዳሽን ግርጌ

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ዳባትን አልፎ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ደባርቅ ይደርሳል። ከደባርቅ ወደ ምሥራቅ የሚወስደው መንገድ ሳንቃ በርንና ጨነቅን አልፎ የቧሂትን ከፍታ ይሻገርና ወደ መሸሃ ወንዝ ቁልቁል ይወርዳል። ከወንዙ ማዶ፣ ከ4500 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በራስ ዳሽን ግርጌ፣ አምቢኮ የተባለችው መንደር ትገኛለች። ተራራውን ሊወጡ የሚመጡ እንግዶች ብዙውን ጊዜ አድረው የሚነሡት ከዚህችው መንደር ነው። አገሩ ደጋ ነው፤ ገብስ ይበቅልበታል፤ በታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሰውም በጊዜ ወደ ቤቱ ገብቶ እሳት ዙሪያ ይሰበሰባል።

በእንዲህ ያለ አገር መጽሐፍ እንደ ልብ አይገኝም። አንድ ዳዊት በብራና ለመጻፍ ቆዳውን ከመዘርጋትና ከመፋቅ፣ ቀለሙን ከመበጥበጥ፣ ብርዑን ከመቅረጽ ጀምሮ የወራት ድካም ይጠይቅ ነበር። ስለዚህ መጽሐፍ የነበረው ሰው ጥቂት፣ መጽሐፍ የሚሰማው ሰው ግን ብዙ ነበር። በሰንበቴና በማኅበር ቀን ድርሳኑ፣ ገድሉ ወይም ተአምሩ ይነበባል፤ ግእዙን የሚያውቀው ላልሰማው በአማርኛ ይተረጉምለታል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ተነበበው ይጫወታሉ። ስንክሳርም የቅዱሳንን ዜና ለዓመቱ ቀናት ከፋፍሎ ስላቀረበ አድማጩ ዛሬ የማን ቀን፣ ነገም የማን ቀን እንደሆነ በጆሮው ያጠናል። መጽሐፉ የአንድ ሰው ወይም የአንድ ደብር ሲሆን ንባቡ የአገር ነው።

የዚህ አካባቢ ምእመናን በተለይ የሚኮሩበት አንድ ስም አለ። ድጓን፣ ጾመ ድጓን፣ ምዕራፍን፣ ዝማሬንና መዋሥዕትን የደረሰው ማኅሌታይ ቅዱስ ያሬድ የምድር ሕይወቱን የፈጸመው በሰሜን ተራሮች መሆኑ በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይነገራል፤ በዓሉም ግንቦት 11 ቀን ይከበራል። በልደት ዋዜማ በየደብሩ የሚሰማው በግእዝ፣ በዕዝልና በአራራይ የተቀመረ ዜማ የእርሱ ውርስ ነው። ከልደት በፊት ያሉት ሳምንታት ስብከት፣ ብርሃንና ኖላዊ ተብለው የሚጠሩትም በድጓው ሥርዓት ነው። ድጓ በብራና ተጽፎ ቢኖርም መምህሩ ከቃሉ ለደቀ መዝሙሩ ካላስተላለፈው ምልክቱ ብቻውን አይዜምም።

የተካፈሉት ይተርፋል

መጻሕፍትን ከሌላው ጋር መካፈል ለጨዋታ ማጣፈጫ ብቻ የሚደረግ አይደለም። በአገራችን ታሪክ መጽሐፍ ከጥፋት የተረፈበት መንገድም ይኸው ነው። በ16ኛው ምዕተ ዓመት በነበረው ጦርነት ብዙ አብያተ ክርስቲያናትና መጻሕፍት ተቃጥለዋል። በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም ድጓው ከዚያ ጥፋት ተርፎ የተገኘባት ደብር እንደሆነች ይተረካል። የጌታችን የልደት ከተማ ስም የተሰጣት ይህች ደብር እስከ ዘመናችን የድጓ መምህራን የሚያስመሰክሩባት ጉባኤ ሆና ኖራለች። ደቀ መዝሙሩ የተማረውን በመምህራን ፊት አሰምቶ ካልመሰከረ መምህር አይባልም፤ ንባቡ ለሌላ ጆሮ ሲደርስ ነው ዕውቀት የሚሆነው።

ሌላው ምሳሌ ከዚሁ ከሰሜን ይነሣል። ደጃዝማች ውቤ ያሠሯት ደረስጌ ማርያም በጃናሞራ ትገኛለች። ውቤ ድል ከሆኑ በኋላ ደጃዝማች ካሣ «ዳግማዊ ቴዎድሮስ» ተብለው በአቡነ ሰላማ እጅ የተቀቡት በዚህችው ቤተ ክርስቲያን፣ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት የቀመሱ ሰው ነበሩና ከጎንደርና ከሌሎችም ስፍራዎች ብዙ የብራና መጻሕፍት ወደ መቅደላ አስመጥተው ነበር። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ማግሥት፣ የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ መጻሕፍቱ ተዘረፉ። ከእነርሱም ወደ 350 የሚደርሱት ወደ ለንደን ተወስደው ዛሬ በብሪታኒያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ።

በእኛም ዘመን ተመሳሳይ ፈተና ደርሷል። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ አካባቢ በደረሰ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ ቀዬውን ለቆ ተሰዷል። ሰው ሲሰደድ አስቀድሞ ልጁን፣ ቀጥሎ ስንቁን ይይዛል፤ መጽሐፍ የሚያነሣበት እጅ አይተርፈውም። ከሣጥን ውስጥ የቀረው መጽሐፍ ይቃጠላል፣ ይበሰብሳል ወይም ይሰረቃል። እናት ለልጇ ያነበበችው፣ አያት ለልጅ ልጁ የተረከው ግን አብሮ ይሰደዳል፤ አብሮም ይመለሳል።

ለብራና መጻሕፍቱም ቢሆን መድኅን የሆናቸው ቅጂያቸው መብዛቱ ነው። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያኒቱና በአሜሪካው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ትብብር በየደብሩ ያሉ መጻሕፍት በማይክሮፊልም እየተነሡ ወደ 9000 የሚደርሱ ቅጂዎች ተሰብስበዋል። ከእነዚህ ብዙዎቹን መርምረው ዝርዝራቸውን ያሳተሙት በ2013 ዓ.ም. ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። እርሳቸው ያደረጉት በትልቁ ሲታይ «በዚህ ደብር ይህ መጽሐፍ አለ፤ በውስጡም ይህ ይገኛል» እያሉ ለአንባቢ ማካፈል ነበር።

የአንድምታ ወግ

መጽሐፍን አንብቦ መወያየት ሲባል ወዲያው የሚነሣ ሥጋት አለ። ሁለት ሰዎች አንድ መጽሐፍ አንብበው ሳይስማሙ ቢቀሩ ጨዋታው ወደ ክርክር፣ ክርክሩም ወደ ኩርፊያ እንዳይሄድ ይፈራል። ለዚህም ቢሆን ከአባቶች የወረስነው መፍትሔ አለ። የጎንደር ሊቃውንት የብሉይን፣ የሐዲስን፣ የሊቃውንትንና የመነኮሳትን መጻሕፍት ሲተረጉሙ አንዱን ፍቺ ካስቀመጡ በኋላ «አንድም» ብለው ሁለተኛውን፣ አሁንም «አንድም» ብለው ሦስተኛውን ያስከትላሉ። የኋለኛው የፊተኛውን አያጠፋውም፤ ከጎኑ ይቆማል። ተማሪውም ሁሉንም ይዞ ያመዛዝናል።

ይህ ወግ ለቤት ውስጥ ንባብ እንዴት እንደሚጠቅም በምሳሌ እንመልከት። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያላነበበ ወይም በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሲተረክ ያልሰማ ጎልማሳ ጥቂት ነው። ማንበብ የማይችሉ እናቶች ሰብለ ወንጌልን፣ በዛብህንና ጉዱ ካሣን እንደ ጎረቤታቸው የሚያውቋቸው በዚያ ትረካ ምክንያት ነው። እስቲ በበዓሉ ዕለት አንዱ የቤተሰብ አባል «የበዛብህ ወላጆች ልጃቸውን ለስለት መስጠታቸው ተገቢ ነበርን?» ብሎ ይጠይቅ። አያት «ለእግዚአብሔር የተሰጠ አይነሣም» ይላሉ። አንድም፣ ልጅ ተነሥታ «ስለቱን የተሳሉት እነርሱ፣ ቀንበሩን የተሸከመው እርሱ ነው» ትላለች። አንድም፣ አባት «ጥፋቱ ከስለቱ ሳይሆን ከፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት ነው» ይላል። ሦስቱም መጽሐፉን አስተካክለው አንብበዋል፤ ሦስቱም ስለ ራሳቸው አንድ ነገር ገልጠዋል። በዕለት ተዕለት ኑሮ ለመናገር የሚከብደውን ልጅ ለአባቱ፣ አባትም ለልጁ በመጽሐፍ አሳቦ ለመናገር ይችላል።

የሰሜንና የወገራ ቤተሰቦች ደግሞ ሌላ የሚመርጡት መስክ አላቸው። በደረስጌ የነገሡትን ቴዎድሮስን ደብተራ ዘነብ በዘመናቸው በአማርኛ ጽፈውላቸዋል። ከእርሳቸው በኋላ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትና ጸጋዬ ገብረ መድኅን በተውኔት፣ አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለእናቱ»፣ የጎንደሩ ተወላጅ ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የቴዎድሮስ እንባ» ይህንኑ ሰው ደጋግመው ጎብኝተውታል። ከአንድ ቤት አንዱ አንዱን፣ ሌላው ሌላውን አንብቦ በበዓል ቀን ቢገናኙ «የአንተ ቴዎድሮስ እንዴት ያለ ነው?» ተባብለው ሊመሹ ይችላሉ። ተራራው ከመስኮት ሲታይ፣ ታሪኩም ከመጽሐፍ ሲነበብ፣ ልጆች የቆሙበትን መሬት ያውቃሉ።

በበዓሉ ሰሞን ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በዓመቱ ከወደደው መጽሐፍ አንዱን ይጥራና ለምን እንደወደደው ይናገር። ዳዊት ወይም ውዳሴ ማርያም የሚደግሙ አረጋውያንም ልባቸውን የሚነካውን ክፍል ቢያስረዱ ለልጆች ትልቅ ትምህርት ነው። በወልድባ የተጋደሉትን የአቡነ ሳሙኤልን ዜና ከአንበሳው ጋር በሥዕል ብቻ የሚያውቅ ልጅ ገድሉ ቢተረክለት ሥዕሉን በሌላ ዓይን ያየዋል።

ሁለተኛ፣ ከተመረጠው መጽሐፍ አንድ ገጽ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ ነው። ለሕፃናት የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» ከአንድ ትውልድ በላይ ሳያረጅ የቆየ መጽሐፍ ነው፤ እያንዳንዱ ምሳሌ አጭር ስለሆነ ከቡናው አቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ ውስጥ ሁለትና ሦስቱን ለመጨረስ ይቻላል። ለጎልማሶች ደግሞ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ወዳጄ ልቤ» ሰው ከገዛ ልቡ ጋር እንዴት እንደሚነጋገር የሚያሳይ ነውና ለበዓል ሰሞን ይስማማል።

ሦስተኛ፣ መዋዋስ ነው። የመጽሐፍ ዋጋ ለብዙ ቤተሰብ የሚከብድ ሆኗል። ይሁን እንጂ አምስት ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው አንድ መጽሐፍ ቢገዙና በተራ ቢለዋወጡ በዓመቱ መጨረሻ ሁሉም አምስት አንብበዋል። ለዚህ የሚያስፈልገው የተዋሰው ሰው ስምና ቀን የሚጻፍበት አንድ ደብተር ብቻ ነው። የጥንት ጸሐፍት ከብራናው መጨረሻ ላይ መጽሐፉን የሚሰርቀውን ወይም ስሙን የሚፍቀውን የሚያወግዝ ቃል ያኖሩ ነበር። ጎረቤታሞች እንዲያ ያለ ግዝት አያሻቸውም፤ የማኅበር ጽዋ ተራ እንደሚጠበቅ ሁሉ የመጽሐፉም ተራ ይጠበቃል። በሐዋሳ ከተማ በአቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ አነሣሽነት አህያ በሚጎትተው ጋሪ ላይ መጻሕፍት ተጭነው ወደ ሕፃናት ይዞሩ እንደነበር ይታወቃል። መንገድ ለጠበበበት ለደጋው አገር የሚሆን አሳብ ነው።

አራተኛ፣ በቤት ውስጥ የቆየ የብራና መጽሐፍ ያለው ሰው ከጭስ፣ ከእርጥበትና ከአይጥ ይጠብቀው፤ ማኅደር ያሰፋለት፤ ጽሑፉን የሚያውቅ መምህር ጠርቶ ምንነቱን ይረዳ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 እንዲህ ያለውን ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ከሁሉ የሚበልጠው ጥበቃ ግን መጽሐፉ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ተከፍቶ በቤተሰቡ ፊት መነበቡ ነው። ውስጡ ያለውን የሚያውቅ ሰው በቀላሉ አይሸጠውም።

ዛሬ በብዙ እጅ ላይ የሚያበራው ስልክ የምሽቱን ጨዋታ እየከፋፈለው መሆኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ በዚያው መሣሪያ ውዳሴ ማርያም የሚደግም፣ የመጽሐፍ ትረካ የሚያዳምጥ ወጣትም አለ። ያንን የሰማውን ብቻውን ይዞ ከሚተኛ ይልቅ ለእናቱ ቢያሰማት ስልኩም እንደ ቀድሞው ሬዲዮ የቤተሰብ መሰብሰቢያ ይሆናል።

የልደት የምሥራች ራሱ በቃል የተላለፈ ነው። መላእክት ለእረኞች ነገሩ፤ እረኞችም ያዩትንና የሰሙትን ለሌሎች አወሩ፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ጻፈው፤ ከዚያም ተነበበ። ለእኛም የደረሰው አንዱ ለሌላው ስላልደበቀው ነው። እንግዲህ በዚህ በዓል ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ ሌላም የሚቆረስ ነገር በቤታችን መኖሩን አንዘንጋ። አንባቢያን፣ እናንተስ በዚህ ሰሞን ምን እያነበባችሁ ነው? ለጎረቤታችሁ ንገሩት።

መልካም የልደት በዓል።