አንዲቱ «በ» እና ሦስቱ የእንግሊዝኛ ቃላት

አንድ ወጣት ለሥራ አመልክቶ ሲጠባበቅ ሳለ፥ ከቀትር በኋላ በ8 ሰዓት ስልክ ተደወለለት እንበል። የሚያነጋግረው የውጭ አገር ሰው «ኢን ስሪ አወርስ» እንዲመጣ በእንግሊዝኛ ይነግረዋል። ወጣቱም «በሦስት ሰዓት» ያለው መስሎት፥ በማግሥቱ ጧት በ3 ሰዓት ልብሱን አሳምሮ ይደርሳል። ሰውዬው ግን ሲጠብቀው የነበረው በዚያው ቀን፥ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ፥ ይኸውም በ11 ሰዓት ነበር። ሥራውም ለሌላ ሰው ተሰጥቷል።

ይህ ስሕተት ከገዛ ቋንቋችን የመጣ ነው እንጂ ከስንፍና የመጣ አይደለም። «ደብዳቤውን በሦስት ሰዓት ጻፈው» ብንል፥ ሰዓቱ ሦስት ሲሆን ጻፈው ማለት ነው ወይስ ሦስት ሰዓት ፈጀበት? እኛ በአንዲት «በ» ሰዓቱንም፥ ቀኑንም፥ ወሩንም፥ ዓመቱንም እንገልጻለን። እንግሊዞች ግን ይህንኑ ሥራ «አት»፥ «ኦን» እና «ኢን» ለሚባሉ ሦስት መስተዋድዶች አከፋፍለውታል። አከፋፈሉም እንደ ጊዜው ስፋት ነው።

አንባቢ ሆይ፥ የዐድዋን ጦርነት እንደ ምሳሌ እንውሰድ። ጦርነቱ የተደረገበት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቈጣጠር ማርች 1 ቀን 1896 ነው። ዓመትና ወር ሰፊ ስለ ሆኑ «ኢን 1896»፥ «ኢን ማርች» ይባላል። ቀኑ ሲጠራ «ኦን ማርች 1»፥ ዕለቱም እሑድ ስለ ነበር «ኦን ሰንደይ» ይባላል። ውጊያው የተጀመረበት ጎሕ ግን እንደ አንዲት ነጥብ ይቈጠራልና «አት ዶውን» ይባላል።

ከዚህ ደንብ የሚወጡም አሉ። ጧትን «ኢን ዘ ሞርኒንግ» ሲሉ፥ ሌሊትን «አት ናይት» ይላሉ፤ የቀኑ ስም ሲጨመር ግን «ኦን መንደይ ሞርኒንግ» ይሆናል። እኛ ደግሞ «ባለፈው እሑድ» ስለምንል «ኦን ላስት ሰንደይ» ማለት ይቀናናል፤ ትክክለኛው ግን ያለ መስተዋድድ «ላስት ሰንደይ» ብቻ ነው።

«እስከ» የምንላትም እንዲሁ ታሳስታለች። «እስከ ዐርብ እዚህ እቆያለሁ» ሲባል፥ ነገሩ ሳይቋረጥ የሚዘልቅ ስለ ሆነ «አንቲል ፍራይደይ» ነው። «ሥራውን እስከ ዐርብ ጨርስ» ሲባል ግን የቀን ገደብ ነውና «ባይ ፍራይደይ» ይባላል።

በመጨረሻም የሰዓት አቈጣጠራችን በስድስት ሰዓት እንደሚለይ አንርሳ፤ የእኛ የጧት 3 ሰዓት ለእነርሱ «አት ናይን» ነው። ቀጠሮ የተሰጠው ሰው «ስንት ሰዓት ሲሆን ልምጣ?» ብሎ ደግሞ ቢጠይቅ ነውር የለበትም። ያ ወጣትም ይህችን አንዲት ጥያቄ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ፥ እንጀራው ለሌላ ባልተሰጠበት ነበር።