እህል እያለ የሚመጣ ረሃብ

ረሃብ ሲወራ ቀድሞ የሚጠየቀው ስለ ዝናብ ነው፤ ቀጥሎ ስለ ምርት። ድርቅ ገባ፣ አዝመራው ተበላሸ፣ እህል ጠፋ፣ ሰው ተራበ። የምጣኔ ሀብት ጥናት በዚህ ሰንሰለት መሀል አንድ የተዘለለ ጥያቄ ያስገባል፦ የተራበው ማን ነው? በአንድ ወረዳ አንዱ ቤተሰብ ሲያልቅ ጎረቤቱ ጎተራው ሳይጎድል የሚከርምበት ምክንያት ደመና ሲያዩ ቢውሉ አይገኝም።

ጥያቄውን አጥብቆ ያነሳው ህንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 ቤንጋልን ረሃብ ሲመታት ሴን ገና ልጅ ነበር። ካደገ በኋላ መዝገቦቹን ሲመረምር፣ የዚያ ዓመት የሩዝ አቅርቦት ከቀደሙት አምስት ዓመታት አማካይ ያነሰው በ5 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ አገኘው። ረሃብ ካልነበረበት ከ1941 ደግሞ በ13 በመቶ ይበልጥ ነበር። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ግን አልቋል። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወጪ የሩዝን ዋጋ ሰቅሎት ነበርና፣ በሰው እርሻ ተቀጥሮ የሚያድረው፣ ዓሣ አጥማጁና ፀጉር አስተካካዩ በሚያገኙት ገንዘብ ሩዝ መግዛት አቃታቸው።

ሴን ከዚህ ተነስቶ ያቀረበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ሰው የሚበላው አገሩ ካመረተው ሳይሆን፣ በመሬቱ፣ በጉልበቱ ወይም በከብቱ ሊያገኘው ከሚችለው ነው። ይህ የማግኘት አቅም ሲሰበር፣ ገበያው እህል ቢኖረውም ሰው ይራባል።

እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ስለ ድህነትና ረሃብ በሚያትተው መጽሐፉ፣ ሴን ለኢትዮጵያ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቷል። የ1964 ዓ.ም. ክረምትና የ1965 ዓ.ም. በልግ ዝናብ በወሎ ከድቷል። የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ግን ብዙ አልወረደም። ይበልጥ የሚያስገርመው የደሴ ገበያ ነው፤ የእህል ዋጋ እንደተፈራው አልናረም። ሴን ምክንያቱን ከገበሬው ኑሮ አገኘው። የወሎ ገበሬ የሚበላውም የሚሸጠውም ያንኑ አዝመራ ነው። አዝመራው ሲጠፋ ቀለቡና ገቢው አብረው ይጠፋሉ። ገንዘብ የሌለው ሰው ረሃቡ ምንም ቢጸና ዋጋ አያንርም። መኪና መንገድ ደሴን አቋርጦ ያልፍ ነበር፤ ሆኖም ነጋዴ እህሉን የሚጭነው የሚገዛው ወዳለበት ነውና፣ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የወጣ እህል እንደነበር ተዘግቧል።

አርብቶ አደሩ የተጎዳበት መንገድ ሌላ ነው። አንድ የአፋር አባወራ ፍየሎቹን ነድቶ ሰኞ ባቲ ገበያ ወጣ እንበል። በደህና ዘመን አንዲት ፍየል ሸጦ ለሳምንታት የሚሆን እህል ይገዛል። በድርቅ ፍየሏ ትከሳለች፤ ያን ዕለት የከሳ ከብት ይዞ የመጣው ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም። ስለዚህ የፍየል ዋጋ ይወድቃል፤ የእህሉ ባለበት ቢቆይ እንኳ፣ ተሸክሞ የሚመለሰው እህል ግማሽ ወይም ሲሶ ይሆናል። በአዋሽ ሸለቆ የበጋ ግጦሽ የነበረው መሬት ለጥጥ እርሻ መወሰዱ ጉዳቱን አባብሶታል።

ሐሳቡ ያለ ተቃውሞ አላለፈም። የረሃብ ተመራማሪው አሌክስ ዴ ዋል እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ85 በሱዳን ዳርፉር በደረሰው ረሃብ ላይ ባደረገው ጥናት፣ ብዙውን ሰው የገደለው በሽታና የተበከለ ውሃ እንደሆነ አሳይቷል። ሰዎቹ ኋላ የሚቋቋሙበትን ጥሪት ላለመሸጥ ሲሉ ረሃቡን አውቀው እንደታገሡም ጽፏል። ይህ ትችት የሴንን ሐሳብ አያፈርሰውም፤ ግን ረሃብተኛው ምግብ ብቻ ሳይሆን ነገም የሚያስብ ሰው መሆኑን ያስታውሳል።

ምርምሩ ከወረቀት ወርዶ ሥራ ላይ የዋለበት አንዱ መስክ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ነው። መሥራት የሚችል በእርከንና በመንገድ ሥራ ተሰማርቶ ገንዘብ ወይም እህል ይቀበላል፤ አቅመ ደካማው ያለ ሥራ ይሰጠዋል። የማግኘት አቅም ከተሰበረ በገንዘብ መጠገን ይቻላል የሚለው ሐሳብ እዚህ ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2008 አካባቢ የእህል ዋጋ ሲያሻቅብ፣ ክፍያው የሚገዛው እህል አነሰ፤ ብዙ ተጠቃሚዎችም ከብሩ ይልቅ ስንዴው እንዲሰጣቸው መረጡ።