ስልክ ሰላም የነሳችሁ ወጣቶች፣ እስቲ ጉብሬ ድረስ ኑ!

እናንተዬ፣ ጠዋት ከእንቅልፋችሁ ስትነቁ መጀመሪያ የምትታጠቡት ፊታችሁን ነው ወይስ የምትዳብሱት ስልካችሁን? መልሱን ለየራሳችሁ ትቼዋለሁ፤ እዚህ ማንም ማንንም አያሳጣም!

እኔ ይህን ጥያቄ ይዤ የሰነበትኩት ጉብሬ ነው። ከወልቂጤ ትንሽ አለፍ ስትሉ የምትገኘው ጉብሬ፣ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ያለባት የተማሪ አገር ናት። ጁስ ቤት ግቡ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ግቡ፣ ባጃጅ ላይ ውጡ፣ አንገቱን ያልደፋ ወጣት ብታገኙ ወይ ባትሪው ያለቀበት ነው ወይ ፓኬጁ።

ታሪኩን ያጫወተችኝ የምርቃት ዓመት ተማሪ ናት። ስሟ ይቆየን። «በቴሌግራም ብቻ ስንት ቻናልና ግሩፕ አለሽ?» አልኳት። «ኧረ ትንሽ ነው» አለችኝ። ቁጭ ብለን ቆጠርን። 114! የሥራ ማስታወቂያ የሚለጥፉ አሉ፣ የሰርግ ልብስ የሚሸጡ አሉ (ማን ሊያገባት እንደሆነ እንጃ)፣ ወንድሟ ያስገባት የእግር ኳስ አለ፣ ለመስቀል አገር ቤት መግቢያ ተብሎ የተከፈተ የዘመድ ግሩፕ አለ። የዲፓርትመንቱ ግሩፕ አለ፤ ከዚያ ደግሞ መምህራን የሌሉበት የዲፓርትመንቱ ግሩፕ አለ። ዋናው ጫጫታ እዚያ ነው!

ነገሩ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ብዬ በሳቅኩ። ግን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ሳያልፍ ዲግሪውን አይዝም። ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። እናቷ ቆጮ ሸጣ ነው ያስተማረቻት። ታዲያላችሁ ይቺ ልጅ ማታ ደብተሯን ዘርግታ ስትቀመጥ፣ 3 ሰዓት ላይ «ፈተናው ተራዘመ» የሚል ይመጣል። 4 ሰዓት ላይ «ውሸት ነው!» የሚል ይከተላል። 5 ሰዓት ላይ «የዘንድሮው ጥያቄ እጃችን ገብቷል» ባዩ ብቅ ይላል። እሷም አንዱን ስታወርድ፣ ሌላውን ስታነብ፣ ሦስተኛውን ለጓደኞቿ ስትልክ ሌሊት 8 ሰዓት ይሆናል። ጠዋት ክፍል ውስጥ ታንቀላፋለች። ለልምምድ በተሰጠው ሞዴል ፈተና 38 አመጣች። «የማላውቀው ሆኖ አይደለም፤ ጥያቄውን እያነበብኩ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነው» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ይህ የሷ ብቻ ጉድ አይደለም። ኸርበርት ሳይመን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር ገና እ.ኤ.አ. በ1971፣ የኪስ ስልክ በሌለበት ዘመን፣ መረጃ የሚበላው የሰውን ትኩረት ነው ብሎ ነበር። መረጃው በበዛ ቁጥር ትኩረቱ ይመነምናል ማለቱ ነው። ግሎሪያ ማርክ የተባለች ተመራማሪ ደግሞ ሠራተኞችን ተከታትላ፣ ሥራው መሃል የተቋረጠበት ሰው ወደዚያው ሥራ ለመመለስ በአማካይ 23 ደቂቃ ያህል እንደሚፈጅበት አግኝታለች። እንግዲህ ስልካችሁ በየሩብ ሰዓቱ «ጭው» የሚል ከሆነ ሒሳቡን እናንተው ሥሩት!

«ታዲያ ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ነዋ!» የሚል አይጠፋም። ተዘግቶ አይተነዋል እኮ! ከየካቲት 2015 ጀምሮ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ አምስት ወር ያህል ተገድበው ነበር። ሰው አረፈ? የት ያርፋል! ቪፒኤን ፍለጋ ከጓደኛ ጓደኛ ሲዞር፣ አንዱ ሲከፈት ሌላው ሲቆረጥ፣ ጭንቀቱ ባሰ እንጂ አልቀነሰም።

ይህን የሚያጠናክር ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ወጥቷል። ህንድ አገር 237 ሰዎች ተሳትፈውበታል። የስልክ መልእክታቸው ተጠራቅሞ በቀን ሦስት ጊዜ ብቻ እንዲደርሳቸው የተደረጉት ትኩረታቸው ተሰበሰበ፣ መንፈሳቸውም ረጋ። ጭራሽ ምንም እንዳይደርሳቸው የተደረጉት ግን «ምን አምልጦኝ ይሆን?» እያሉ ተጨነቁ።

በቀን ሦስት ጊዜ! አቦል፣ ቶና፣ በረካ በሉት። ልጅቷም ይህን ስነግራት የሳቀችው ለዚሁ ነው። ግን ሞከረችው። ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀን 7 ሰዓት፣ ማታ 1 ሰዓት። ከ114ቱ ከግማሽ በላዩን ሹልክ ብላ ወጣች። መውጣት የሚያስቀይመውን፣ ለምሳሌ የዘመድ ግሩፑን፣ ድምፁን አጥፍታ አርካይቭ ውስጥ ከተተችው፤ ማንም አያውቅባትም። ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ ቴሌግራሙን አስተካከለችው፤ የወሩ ፓኬጅ ተርፎ አየችው! ጥሪ ግን አልዘጋችም። እናቷ ስትደውል ይጮሃል።

የወደድኩት ግን ሌላውን ነው። የዶርም ጓደኞቿ ተስማምተው በየሳምንቱ አንዷ የዲፓርትመንቱን ግሩፕ ትከታተላለች፤ ቁም ነገር ሲኖር ብቻ ለሌሎቹ ትናገራለች። ጉራጌ አገር በጀፎረ ያለፈ ሰው ይገባዋል። በዚያ ሣር በለበሰ ሰፊ የመንደር ጎዳና ለቅሶውም ደስታውም ይነገራል፤ የሰማው ላልሰማው ያደርሳል። ወሬ እንዳያመልጠኝ ብሎ ቀኑን ሙሉ ደጅ ተገትሮ የሚውል የለም።

ሁሉም ሰው እንዲህ ማድረግ ይችላል አልልም። ያመላለሰኝ የባጃጅ ሹፌር «ወንድሜ፣ እኔ ስልክ ከዘጋሁ ልጆቼ ምን ይበላሉ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ደንበኛው ይደውላል፣ ሒሳቡ በቴሌብር ይገባል። እሱ ያጠፋው ቲክቶክን ብቻ ነው፤ ያውም ተራ ሲጠብቅ ይከፍታታል። «ስልካችሁን ጣሉት!» እያሉ የሚመክሩን ሰዎች እንጀራቸው በስልክ የማይመጣ ይመስለኛል።

ልጅቷ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ ሞዴል ፈተና ወስዳ 46 አመጣች። ገና ነው፤ ግን ሌሊቱን ትተኛለች።

አዲሱ ጣጣ ፍቅረኛዋ ነው። አዲስ አበባ መርካቶ ይሠራል። ማታ 3 ሰዓት የላከላትን ጠዋት ስታነብበት «ሌላ ይዘሻል!» ብሎ አረፈው። ብታስረዳው፣ ብትምል፣ አልሰማ አለ። ባለፈው ቅዳሜ ይባስ ብሎ ሚኒባስ ተሳፍሮ ሳይታሰብ ጉብሬ ከች አለላችሁ! ያገኛት ቤተ መጻሕፍት በር ላይ፣ ደብተሯን ታቅፋ ነው። ምሳ አብረው በሉ፣ ክትፎም ጋበዛት። ኩርፊያው ግን እስካሁን አልበረደም፤ ለእሱ ብቻ አራተኛ ሰዓት እንድትጨምርለት ይፈልጋል። እሷ ደግሞ «ከፈተናው በኋላ» ብላዋለች።