ጉግል ራሱ ገበያ ሲሆን

አሜሪካ ሆናችሁ በርበሬ፣ ቡና፣ የሀበሻ ቀሚስ ኦንላይን የምትሸጡ ልጆች ሰሞኑን ኢንቦክስ የምታደርጉልኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ሆኗል፦ «ጉግል ላይ ያለንበት ደረጃ አልወረደም፤ ጎብኚው ግን የት ገባ?»

የአንዷን ባለሱቅ ሰርች ኮንሶል (ገጾቿ ጉግል ላይ ስንቴ እንደታዩና እንደተከፈቱ የሚያሳየውን መሣሪያ) አብረን ከፍተን አየነው። ስለ በርበሬ ምንነትና አዘገጃጀት የጻፈችው ገጽ ከበፊቱ በበለጠ ለሰው ይታያል፤ ከፍቶ የሚገባው ግን በጣም ቀንሷል። ጽሑፉ ምንም አልሆነም። ጉግል ከ2024 ወዲህ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ለብዙ ጥያቄዎች ከውጤቶቹ በላይ በኤአይ የተጠናቀረ መልስ ያስቀምጣል፤ ሰዉ እሱን አንብቦ ይሄዳል። ፒው የምርምር ማዕከል የማርች 2025ን የአሜሪካውያን አጠቃቀም ሲያጠና፣ የኤአይ ማጠቃለያ በታየበት ፍለጋ አንዱን ውጤት የመክፈት ዕድሉ 8 በመቶ፣ ባልታየበት ደግሞ 15 በመቶ ሆኖ አግኝቶታል። ግማሽ ያህሉ ጎብኚ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። ባለሱቋ ከሥራ ተመልሳ ማታ ማታ የጻፈችው ተጨምቆ ይቀርባል፣ ገዢው ግን አይደርሳትም። ይህ ፍትሐዊ ነው ብዬ አላምንም።

ነገሩ ግን ዛሬ የተጀመረ አይደለም። በ2002 ጉግል ፍሩግል የተባለውን የዕቃ መፈለጊያ ሲጀምር ሸቀጥ ማስገባት በነጻ ነበር። በ2012 ጉግል ሾፒንግ ሆነና አሜሪካ ውስጥ ለመታየት መክፈል ግድ ሆነ። ከዚያ ቀደም ብሎ ፋውንደም የተባለ የእንግሊዝ የዋጋ ማነጻጸሪያ ድረ ገጽ ጉግል የራሱን የዋጋ ማነጻጸሪያ አስቀድሞ ሌላውን ወደ ታች ይገፋል ብሎ ለአውሮፓ ኮሚሽን አቤት አለ፤ ኮሚሽኑም በ2017 ጉግልን 2.42 ቢሊዮን ዩሮ ቀጣ፤ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በ2024 ቅጣቱን አጸና። በመሀል፣ ኮቪድ ሱቅ ባዘጋበት 2020፣ ነጻው ዝርዝር ተመለሰ። ለትንንሽ ሱቆች ትልቁ ዕድል ይሄ ነው፤ ብዙዎቻችሁ ግን አልነካችሁትም።

እንግዲህ ጉልበታችሁን ወደዚያ አዙሩ። ከላይ ያልኳት ባለሱቅ የዕቃ ዝርዝር ለጉግል በሚላክበት ማርቸንት ሴንተር ውስጥ ያስገባችው ርዕስ «ስፔሻል በርበሬ» ብቻ ይላል። ክብደት የለውም፣ የሚያቃጥል ይሁን ለስለስ ያለ አይታወቅም፤ ፎቶው ላይ ከረጢቱ ከወጥ ቤቱ ዕቃ ጋር ተደባልቋል። ሱቋ ላይ ዋጋ ስትጨምር ደግሞ የተላከው ዝርዝር ላይ የድሮው ዋጋ ቀርቷል። ዋጋው ካልገጠመ ጉግል ዕቃውን ከዝርዝሩ ያወርደዋል፤ የሷም የወረደው በዚህ ነው። ርዕሱ ላይ ዓይነቱን፣ ክብደቱንና ማቃጠሉን ጻፉ። ፎቶው በነጭ መደብ ላይ ዕቃው ብቻ ይሁን። የመላኪያ ሒሳብና የመመለሻ ደንብ አይጉደል። በእጅ የተሰፋ ቀሚስ ባርኮድ ከሌለው የለውም ብላችሁ ምልክት አድርጉ እንጂ ቁጥር አትፍጠሩለት፤ መጠኑን፣ ቀለሙንና የጨርቁን ዓይነት ግን አትርሱ።

ጽሑፍ ይቅር እያልኩ አይደለም። «በርበሬ ምንድን ነው» ለሚለው ማንም መልስ አለው። እናንተ ብቻ የምታውቁትን ጻፉ፦ ይሄኛው መቼ ተፈጨ፣ ከየት መጣ፣ ቡናው መቼ ተቆላ፣ ደንበኛው ምን ሠርቶበት ምን አለ። ኤአዩ ይህን ከሌላ ቦታ ሊያገኘው አይችልም፤ ገዢም የሚወስነው እሱን አይቶ ነው።

በዚህ ሳምንት ሰርች ኮንሶል ገብታችሁ የፍለጋ ቃላቶቹን በሦስት ክፈሏቸው፦ የሱቃችሁን ስም የጻፉ፣ ሊገዙ የመጡ፣ ለማወቅ ብቻ የጠየቁ። የወረደው ሦስተኛው ብቻ ከሆነ ሽያጫችሁ ብዙም ላይነካ ይችላል። ሁለተኛው ከወረደ ግን የዕቃ ዝርዝራችሁን ዛሬውኑ ፈትሹ።