ፍላመብል እና ኢንፍላመብል

ፍላመብል እና ኢንፍላመብል በእንግሊዝኛ ቋንቋ አንድ ዓይነት ትርጉም ያላቸው ሁለት ቅጽሎች ናቸው። ሁለቱም «በቀላሉ እሳት የሚይዘው» ወይም «ተቀጣጣይ» ማለት ነው። ቤንዚን ፍላመብል ነው፤ ኢንፍላመብልም ነው።

ብዙ ሰው ግን ሁለተኛውን ቃል የመጀመሪያው ተቃራኒ አድርጎ ይረዳዋል። ምክንያቱም በእንግሊዝኛ ቃል መነሻ ላይ የሚገባው «ኢን» አብዛኛውን ጊዜ አፍራሽ ነው፦ ቪዚብል «የሚታይ»፣ ኢንቪዚብል «የማይታይ» እንደሚባለው። በዚህ ሒሳብ የሄደ ሰው የቀለም ማቅጠኛ ጣሳ ላይ ኢንፍላመብል የሚል ጽሑፍ አንብቦ ጣሳውን ከምድጃ አጠገብ ሊያስቀምጥ ይችላል።

የቃላቱ አመጣጥ

የግራ መጋባቱ ምንጭ ላቲን ነው። ላቲን ሁለት የተለያዩ «ኢን» አሉት። አንደኛው አፍራሽ ሲሆን ሌላኛው «ውስጥ» ወይም «ወደ ውስጥ» ማለት ነው፤ ግስንም ያጠነክራል። ፍላማ፣ ማለትም ነበልባል፣ ከዚህ ከሁለተኛው ጋር ሲጣመር ኢንፍላማሬ (ማቀጣጠል) የሚለውን ግስ ይሰጣል፤ ኢንፍላመብል የተገኘው ከዚሁ ነው። ሐኪሞች የሰውነት ክፍል ሲቀላና ሲያብጥ ኢንፍላሜሽን የሚሉትም የዚሁ ሥር ቃል ነው።

ለአማርኛ ተናጋሪ ነገሩ እንግዳ አይደለም። «አነደደ» እና «አይነድም» የሚሉት ቃላት ሁለቱም በ«አ» ይጀምራሉ፤ የመጀመሪያው ግን እሳቱ እንዲነድ ማድረግን፣ ሁለተኛው ደግሞ አለመንደድን ይገልጻል።

ፍላመብል በዕድሜ በጣም ታናሽ ነው። በእንግሊዝኛ የታየው እ.ኤ.አ. በ1813 ከላቲን በተተረጎመ ጽሑፍ ውስጥ ሲሆን ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ እምብዛም አልተሠራበትም። ከመረሳት ያወጣው የደኅንነት ጉዳይ ነው። በ1920ዎቹ የአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር «ኢን» የሚያሳስት በመሆኑ በምትኩ ፍላመብል እንዲጻፍ መወትወት ጀመረ። የብሪታንያ የደረጃዎች ተቋምም በ1959 ይህንኑ አቋም ያዘ።

የዛሬ አጠቃቀም

በኬሚካልና በነዳጅ መያዣዎች ላይ ዛሬ የሚጻፈው ፍላመብል ነው፤ የማይቀጣጠለው ደግሞ ነንፍላመብል ይባላል። በነዳጅ ቦቴዎች ላይ የነበልባል ሥዕልና 3 ቁጥር ያለበት ቀይ ምልክት የሚለጠፈው ተቀጣጣይ ፈሳሽ መጫናቸውን ለማሳወቅ ነው። ኢንፍላመብል በእንግሊዝኛ ቶሎ ለሚቆጣ ሰው ወይም በቀላሉ ለሚጋጋል ሁኔታም ይነገራል።

ፈረንሳይኛ ግን የድሮውን ቃል አልለወጠም። ተቀጣጣይ የሆነውን ኢንፍላማብል፣ የማይቀጣጠለውን ደግሞ ሌላ «ኢን» ጨምሮ ኢንኢንፍላማብል ይለዋል። ስለዚህ በሁለቱም ቋንቋዎች በተጻፈ ማሸጊያ ላይ ፍላመብልና ኢንፍላማብል ጎን ለጎን ቢገኙ ማስጠንቀቂያው አንድ ነው።